ስሙ የጠፋባችሁን የልጅነት የጠንቋይ ካርቱን ፈልጎ ለማግኘት

ጥቁር ድመት ነበረች። በመጥረጊያ የምትበር ልጅ ነበረች። ሹል ኮፍያም ነበር። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ስሙ ጠፍቷል፣ ቻናሉ ጠፍቷል፣ መጨረሻው ደግሞ ጭራሽ ትዝ አይልም። እንዲህ ያለ ካርቱን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ጎግል ላይ «ጠንቋይ፣ ድመት፣ መጥረጊያ» ብሎ ይጽፋል። የሚመጣለት ውጤት መዓት ነው፤ እሱ የሚፈልገው ግን የለበትም።

ድመት፣ መጥረጊያና ኮፍያ የጠንቋይ ካርቱኖች ሁሉ ዩኒፎርም ናቸው። ሁሉም ጋ ስላሉ አንዱን ከሌላው አይለዩም። ካርቱኑን የሚያስገኘው ያ ግራ የሚያጋባው ነገር ነው። ለሰው ብትነግሩት «አልመህ ነው» የሚያስብላችሁ፣ እናንተም ራሳችሁ የምትጠራጠሩት ትንሽ ዝርዝር። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ያንን ዝርዝር ለማውጣትና ሳይበላሽ ለመጠቀም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ጻፉ፣ ፍለጋው ይቆይ

ስልካችሁን ከማንሳታችሁ በፊት የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። ከዚያ የካርቱን ፎቶ ሲያገላብጥ ይውላል። ማታ ላይ የቱ የራሱ ትዝታ እንደሆነ፣ የቱ ከፎቶ የገባበት እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

ትዝታ የሚሠራው እንደዚያ ስለሆነ ነው። በ1974 ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር የሚባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። ከዚያ ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። ለአንዳንዶቹ «መኪኖቹ ሲጋጩ» ብለው፣ ለሌሎቹ «ሲንኮታኮቱ» ብለው። ጠንካራውን ቃል የሰሙት ፍጥነቱን ከፍ አድርገው ገመቱ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉም፣ አየን ባዮቹ የበዙት ከእነዚሁ መካከል ነው። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንድ ቃል ይህን ካደረገ፣ ባለቀለም ፎቶ ምን እንደሚያደርግ ገምቱት።

ስትጽፉ ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንደኛው «እርግጠኛ ነኝ»። ሁለተኛው «ይመስለኛል»። ሦስተኛው «ሰው ነግሮኝ ወይም በኋላ አስቤው ሊሆን ይችላል»። ሦስተኛውን አትናቁት። ወንድም ወይም እህት ከዓመታት በፊት «እሷ እኮ ክፉ ነበረች» ብሎ ከሆነ፣ ያ የእሱ ትዝታ እንጂ የእናንተ አይደለም።

ታሪኩን ለማስተካከል አትሞክሩ። ታሪክ ስታስተካክሉ ክፍተቱን ከሌላ ካርቱን ትሞሉታላችሁ። ምስል ምስሉን ብቻ አስቀምጡ። የፀጉር ቀለም፣ የበሩ ቅርጽ፣ አንድ ሰው ወደ ምን እንደተቀየረ፣ የሚያስፈራው ሳቅ። ዜማም ካለ፣ ቃሉ ባይገባችሁም ስልካችሁ ላይ እያንጎራጎራችሁ ቅዱት። ያስፈራችሁ ትዕይንት ካለ እሱን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ፍርሃት ጥሩ አድርጎ ይቀርጻል።

ከጻፋችሁት ውስጥ አንዱን እንግዳ ዝርዝር ምረጡና ደብቁት። ፍለጋ ላይ አትጠቀሙበት፣ ለማንም አትንገሩ። በኋላ መፈተኛችሁ እሱ ነው።

2. ጊዜውን ከላይ ዝጉት

ሰው ሁሉ «ልጅ ሳለሁ ያየሁት ስለሆነ ያኔ የተሠራ ነው» ብሎ ይጀምራል። አይደለም። ካርቱን ተደጋግሞ ይታያል፣ ከአገር አገር ሲሸጥ ይዘገያል፣ በካሴትና በሲዲ ዓመታት ይዞራል። ከእናንተ በብዙ ዓመት የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። ሊሆን የማይችለው አንድ ነገር ነው፤ ካያችሁት ቀን በኋላ የተሠራ። ስለዚህ የታችኛውን ወሰን ተዉት፣ የላይኛውን ዝጉ።

እንዴት? ከካርቱኑ ውጪ ያለውን አስታውሱ። የት ቤት ሆናችሁ ነው ያያችሁት? ታናሽ ተወልዶ ነበር? ትምህርት ቤት ገብታችሁ ነበር? ማንበብ ትችሉ ነበር ወይስ ሰው ያነብላችሁ ነበር? ከሦስት ዓመት ዕድሜ በፊት ያለ ትዝታ ብዙም ስለማይተማመኑበት፣ የሕፃንነት ነው የምትሉት ነገር ምናልባት የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ ሆናችሁ ያያችሁት ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የምታውቁት ከሆነ 7 ወይም 8 ደምሩበት። ይሄን ረስቶ ትክክለኛውን ካርቱን በእጁ የሚጥል ሰው አለ።

የላይኛው ወሰን ብዙ ሥራ ይቀንሳል። ካርቱኑን ያያችሁት 2006 ላይ ከሆነ፣ በ2013 በአጭር ፊልም የጀመረውና በ2017 ተከታታይ የሆነው «ሊትል ዊች አካዳሚያ» ወጣ። በ2020 የጀመረው የዲዝኒው «ዘ አውል ሀውስ»ም ወጣ። ሁለቱም ፍለጋ ላይ ቶሎ ቶሎ ከፊት ስለሚመጡ፣ እነሱን ማስወጣት ብቻውን እፎይታ ነው።

3. አሣሣሉን አስታውሱ

በእጅ የተሣለ ጠፍጣፋ ነበር? እንደ አሻንጉሊት የሚንቀሳቀስ ነበር? ወይስ የኮምፒውተር ሥራ፣ ክብ ክብ የሚል? በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም የወጣው በ1995 ነው። ስለዚህ ትዝታችሁ የኮምፒውተር ምስል ያለው ረጅም ፊልም ከሆነ ከዚያ ወዲህ ያለውን ፈልጉ። ትልልቅ ዓይን፣ ላብ በጠብታ ጉንጭ ላይ፣ ከጀርባ ደግሞ የማይነበብ የሱቅ ጽሑፍ ካለ ወደ ጃፓን ሂዱ።

ካርቱን ባይሆንስ? ይሄም ይከሰታል። በ1996 የጀመረው «ሳብሪና» በሰው ተዋናዮች የተሠራ ድራማ ነው፤ የሚያወራው ጥቁር ድመት ሳሌም ግን አሻንጉሊት ስለነበር ብዙ ሰው በካርቱንነት ያስታውሰዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው በ1999 እውነተኛ የካርቱን ሳብሪና መውጣቱ ነው። 65 ክፍል አለው፤ ሳሌምም እዚያ አለ።

4. ጠንቋይዋ ማን ነበረች?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንድ ጥያቄ ብቻ ብትመልሱ ዝርዝሩ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጠንቋይዋ የምትወደድ ነበረች ወይስ የምትፈራ?

የምትወደድ ልጅ ከሆነች መጀመሪያ ጃፓንን ፈትሹ። ይህ ዘውግ እዚያ ረጅም ዕድሜ አለው። ከ1966 እስከ 1968 የታየው «ሳሊ ጠንቋይዋ» የአስማተኛ ልጃገረዶች ካርቱን ሁሉ በኩር ተደርጎ ይቆጠራል። ከአስማት ዓለም ወደ ሰዎች ምድር የመጣች ልዕልት ናት። የመጀመሪያዎቹ 17 ክፍሎች ጥቁርና ነጭ ነበሩ፣ ከዚያ ባለቀለም ሆነ።

በመጥረጊያ ዕቃ የምታደርስ ልጅ ከሆነች «ኪኪ» ናት፤ የሀያኦ ሚያዛኪ የ1989 ፊልም። ዕድሜዋ 13 ነው፣ ትልቅ ቀይ ሪባን ጭንቅላቷ ላይ አለ፣ ዳቦ ቤት ትኖራለች። ግን እነዚህን ባታስታውሱም ሁለት እንግዳ ነገሮች አሉ። መጥረጊያዋ ላይ ሬዲዮ ተንጠልጥሏል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጓደኛዋን የምታድነው በራሷ መጥረጊያ ሳይሆን ከመንገድ ጠራጊ በተዋሰችው የወለል ብሩሽ ነው። «ብሩሽ ላይ ነበር መሰለኝ፣ ጭራው እየተወዛወዘ» የሚል ሰው ጨርሷል፤ ሌላ መረጃ አያስፈልገውም።

አንዲት ጠንቋይ ወደ አረንጓዴ እንቁራሪት መሰል ነገር ተቀይራ ከነበረ «ኦጃማጆ ዶረሚ» ነው፤ 1999 ላይ የጀመረ። ሁለት ትልልቅ ክብ ጉንጉን ያላት ቀይ ፀጉር ልጅ የአስማት ሱቅ ትገባለች፣ ባለቤቷን «ጠንቋይ ነሽ» ትላታለች፣ ሴትዮዋም እዚያው ትቀየራለች። ልጅቷ እሷን ለመመለስ የጠንቋይ ተለማማጅ ትሆናለች። ስቴክ ሲያምራት እየኖረች ሊበላ ሲል ሁልጊዜ የሚያመልጣት ልጅ ካስታወሳችሁም እሷው ናት። ይሄ የስቴክ ነገር ከመጥረጊያው በብዙ እጥፍ የተሻለ መፈለጊያ ነው።

ከጃፓን ውጪ የጀርመኗ ቢቢ ብሎክስበርግ አለች። መጥረጊያዋ ስም አለው፤ ስሙም «የተፈጨ ድንች» ማለት ነው። ድግምቷ የሚያልቀው «ሄክስ ሄክስ» በሚል ድምፅ ነው። ቋንቋው ሳይገባችሁ ያያችሁት ካርቱን ከሆነ፣ እንዲህ የሚደጋገም ድምፅ ጆሮ ውስጥ ይቀራል። የሰማችሁትን በሰማችሁበት መልክ ጻፉት።

የምትፈራ ከሆነች ደግሞ ሰፊ ነው፤ በተረት ላይ የተሠራ ፊልም ሁሉ አንድ አላት። የሚረዳው ምን እንዳደረገች ነው። ሴትዮዋ እየተቀያየረች ከአንድ ሽማግሌ አስማተኛ ጋር ተዋግታ፣ ሽማግሌው በመጨረሻ ጀርም ሆኖ አሳመማት? የ1963ቱ የዲዝኒ «በድንጋዩ ውስጥ ያለው ሰይፍ» ነው፤ እሷም ማዳም ሚም ናት። ጠንቋይዋ ከቦታዋ ስትፈተለክ የፀጉሯ ማስያዣዎች አየር ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ? የጥንቸሉ የባግስ በኒ ጠላት ዊች ሄዝል ናት፤ ከ1954 ጀምሮ የታየች። ባሕር ውስጥ፣ ግማሽ አካሏ ኦክቶፐስ የሆነች? የ1989ኙ የዲዝኒ ፊልም «ዘ ሊትል መርሜይድ» ኡርሱላ ናት።

መጥረጊያም ኮፍያም የሌለበት አንድ አለ፤ ሰዎች ሲፈልጉት የሚቸገሩትም ለዚህ ነው። «ኪሪኩ»፣ የሚሼል ኦስሎ የ1998 ፊልም። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ያለች መንደር፣ ከእናቱ ማሕፀን ሆኖ የሚያወራ ሕፃን፣ ራቁቱን የሚሮጥ፣ ካራባ የምትባል ጠንቋይ። የክፋቷ ምክንያት ጀርባዋ ላይ የተተከለ እሾህ ነው። «እሾህ» የሚለውን አንድ ቃል የሚያስታውስ ሰው «ጠንቋይ» የሚለውን ቢረሳም ያገኘዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸው ሁለቱ። «ዊንክስ ክለብ» እና «ዊች» ሁለቱም በ2004 ቴሌቪዥን ላይ ጀመሩ። ሁለቱም ምንጫቸው ጣሊያን ነው። ሁለቱም ክንፍ ያላቸው ልጃገረዶች ናቸው። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ በዊንክስ ልጆቹ ፌሪ (የተረት ባለ ክንፍ አስማተኞች) ናቸው፣ አስማት ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ ጠንቋዮቹ ጠላቶቻቸው ናቸው። ሦስት ናቸው፤ አይሲ በበረዶ፣ ዳርሲ በጨለማ፣ ስቶርሚ በማዕበል። በ«ዊች» ግን ስሙ በእንግሊዝኛ ጠንቋይ ይበል እንጂ ጠንቋይ የለችም ማለት ይቻላል። አምስት ተራ ተማሪዎች የተፈጥሮ ኃይል ያላቸው ጠባቂዎች ይሆናሉ፤ ርዕሱም (W.I.T.C.H.) የስሞቻቸው የእንግሊዝኛ መጀመሪያ ፊደል ነው፦ ዊል፣ ኢርማ፣ ታራኒ፣ ኮርኔሊያ፣ ሄይ ሊን። «ሦስት ክፉ ሴቶች ትዝ ይሉኛል» ካላችሁ ዊንክስ። «ልቧ ላይ የሚያበራ ጌጥ የያዘች አንዷ ሌሎቹን ትቀይራለች» ካላችሁ ዊች። ሁለቱንም ካላችሁ ሁለቱንም አይታችኋል፤ በጭንቅላታችሁ ውስጥ አንድ ሆነዋል ማለት ነው።

5. ፍለጋው

በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ካርቱኑን በሌላ ቋንቋ ብታዩትም ስለ እሱ የተጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዳውን ነገር ከፊት አስቀድሙ፦ መጀመሪያ «እንቁራሪት»፣ ከዚያ «ጠንቋይ»፣ ከዚያ «ካርቱን»። ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ከቃሎቹ አንዱ የተሳሳተ ትዝታ ሆኖ ሁሉንም ይዞባችሁ ይሄዳል። አንድ የታወቀ ካርቱን ውጤቱን ካጥለቀለቀው፣ ስሙን ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ ጻፉት፤ ይወጣል።

ዜማ ካላችሁ የጎግል አፕ ላይ ማይክራፎኑን ነክታችሁ ዘፈን መፈለጊያውን ምረጡና ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አንጎራጉሩ። ይህ አገልግሎት ከ2020 ጀምሮ አለ። ታዋቂ መክፈቻ ከሆነ ያገኘዋል። ካልሆነ ግን አትድከሙበት።

ዊኪፔዲያ ላይ በየዓመቱ የወጡ የካርቱን ተከታታዮች ዝርዝር አለ። የላይኛውን ወሰን ስለዘጋችሁ ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ርዕሶቹን ማየት ትችላላችሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። የአንድ ጠንቋይ ካርቱን ገጽ ካገኛችሁ ደግሞ ታች ያሉትን ምድቦች ንኩ፤ ዘመዶቹን ያሳያችኋል። የፊልሞች መረጃ ድረ ገጽ በሆነው አይኤምዲቢ ላይ በዓመት፣ በዓይነትና በቁልፍ ቃል ማጣራት ይቻላል። ለጃፓን ሥራ ማይአኒሜሊስት የተባለው የጃፓን ካርቱኖች ድረ ገጽ ይሻላል።

የኤአይ ቻት ልትጠይቁ ትችላላችሁ፤ ለሐሳብ መነሻ እንጂ ለመልስ አትመኑት። የሌለ ካርቱን ስም ሙሉ በራስ መተማመን ሊሰጣችሁ ይችላል። አምስት ዕጩ ከነዓመታቸውና ከነአገራቸው ጠይቁት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሌላ ቦታ አረጋግጡ። «ዶረሚ ነው አይደል?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። «አዎ» ነው የሚላችሁ።

ሰው ስትጠይቁም እንደዚሁ ነው። ግምታችሁን አትንገሩ፤ ያያችሁትን ብቻ። በግምት ያያችሁበትን ዓመት፣ ፊልም ይሁን ተከታታይ፣ አሣሣሉን፣ ሁለት እንግዳ ነገር፣ በቃ። ሥዕል መሳል የምትችሉ ከሆነ ሳሉት። ኮምፒውተር የእጅ ሥዕላችሁን ላይለየው ይችላል፤ ያንኑ ካርቱን ያየ ሰው ግን በአንድ ጨረፍታ ይጮኻል።

6. ስም አያታልላችሁ

በስም መፈለግ ወጥመድ ነው፤ ስሞች ከቋንቋ ቋንቋ ይቀየራሉ። በአሜሪካው ቅጂ ዶረሚ «ዶሪ» ናት፣ ጓደኞቿ ሃዙኪና አይኮ ደግሞ «ሪያን» እና «ሚራቤል» ናቸው። ኪኪ በስፔን «ኒኪ» ተብላለች። «ስሟ ሚራቤል ነው፣ እርግጠኛ ነኝ» የሚል ሰው የጃፓኑን ገጽ ከፍቶ «ይሄ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ስሙ ካልገጠመ ዝርዝሩን እዩ እንጂ ወዲያው አትጣሉ።

ድምፅም ያው ነው። የኪኪ ድመት ጂጂ በጃፓንኛው የሴት ተዋናይ ድምፅ አለው፤ በ1998ቱ የእንግሊዝኛ ቅጂ ደግሞ የፊል ሃርትማን፣ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ። ፊልሙ አንድ ነው፣ ትዝታው ሁለት።

7. ማረጋገጥ

ዕጩ አገኛችሁ እንበል። መጀመሪያ ዓመቱን ከዘጋችሁት ወሰን ጋር አስተያዩ። ካለፈ በቃ፣ ምንም ያህል ቢመስል። ቀጥሎ መክፈቻውን ቪዲዮ ፈልጋችሁ ተመልከቱ፤ ተከታታይ ከሆነ ደጋግማችሁ ያያችሁት እሱን ነው። ከዚያ የደበቃችሁትን ዝርዝር አውጡ። እሱ ካርቱኑ ውስጥ አለ? ካለ አግኝታችኋል። ከሌለ፣ «ደስ የሚል ስሜት ሰጠኝ» በቂ አይደለም። የጠንቋይ ካርቱን ሁሉ የተወሰነ ደስ የሚል ስሜት ይሰጣል።

ግማሹ ገጥሞ ግማሹ እምቢ ካለ ዝርዝሩን ለሁለት ክፈሉት። የገጠመው ለዚህኛው፣ የቀረው ለሌላ ካርቱን ነው ብላችሁ ለቀረው ብቻ እንደ አዲስ ፈልጉ። በእኔ አስተያየት ለዓመታት አልገኝ ያለ ካርቱን ብዙውን ጊዜ እንዲህ የተቀላቀሉ ሁለት ካርቱኖች ነው።

ስሙን ካገኛችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ርዕስ በራሱ ቋንቋና ፊደል ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ሌሎች ቅጂዎችን የሚያስገኘው እሱ ነው። ለማየት ስትፈልጉም የቅጂውን ዓመት እዩ። የ1998ቱ የእንግሊዝኛ «ኪኪ» ላይ ዋናው ፊልም ላይ የሌሉ ንግግሮችና ሙዚቃ ተጨምረው ነበር፤ በ2010 ዳግም ሲወጣ ብዙዎቹ ተነሱ። ጂጂ ሲቀልድ የምታስታውሱት ነገር አዲሱ ቅጂ ላይ ከሌለ፣ አሮጌውን ዲቪዲ ወይም ካሴት ፈልጉ።